ቫርኒሽ የተቀባ የጣውላ ወለል ነጭ ጉም ሲለብስ

ቡና ተፈልቶ፣ እንግዳ ተሸኝቶ፣ ቄጠማው ሳይጠረግ ያድራል። ጠዋት ሲነሳ ከሥሩ ያለው ወለል ነጥቷል፤ ጀበናው ያረፈበት ቦታም ነጭ ክብ ሠርቷል። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያነሳው ዱቄት ሳሙናና መፈግፈጊያ ነው። በዚህ ጉሙ አይለቅም፤ እንዲያውም ሰፍቶ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ነጭ ነገር እድፍ ሳይሆን ቫርኒሹ ውስጥ ገብቶ የቀረ እርጥበት ነው። እርጥበትን ደግሞ በውሃ ማስለቀቅ አይቻልም።

ቫርኒሽ ጥርት ብሎ የሚታየው ብርሃን በውስጡ አልፎ እንጨቱ ላይ ስለሚደርስ ነው። ውሃ ወይም እንፋሎት ሲሰርግበት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦችና ክፍተቶች ይፈጠሩበታል። ብርሃኑ እነሱ ላይ እየተበተነ ስለሚመለስ ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል። ተራራ ላይ የሚተኛው ጉምም የሚነጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት፣ በክረምት ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ እንኳ ቀኑን ሙሉ የማይደርቅባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን የሚለቅ ምልክት እዚህ ጅማ ሦስት ቀን ቢፈጅ አይግረማችሁ።

መጀመሪያ ጉሙ የት እንዳለ ለዩ

ነጩ ነገር ከቫርኒሹ በላይ፣ በቫርኒሹ ውስጥ ወይም በቫርኒሹና በእንጨቱ መካከል ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ለመለየት ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ (ቀለም ቀቢዎች ሲንቴቲክ ቀለም የሚያቀጥኑበት ነው) አርሱና ጉሙን ጥረጉት። ከዚያ ገና እርጥብ እያለ ተመልከቱት።

ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ ችግሩ ላዩ ላይ ነው፤ የሳሙና ቅሪት ወይም በአሸዋና በጫማ የመጣ ጭረት ይሆናል። ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተጣበቀ ተደራርቦ የቆየ የወለል ሰም አለ። ረጥቦም ነጭነቱ ካልጠፋ ቫርኒሹ ውስጥ ነው። በጥፍር ጫፍ ሲነካ የሚነሳ ወይም እንደ ቅርፊት የሚላቀቅ ከሆነ ቫርኒሹ ከእንጨቱ ተለይቷል፤ ከታች የማቀርባቸው ሙቀትም ቅባትም አይመልሱትም። ቦታው ነጭ ሳይሆን ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ ደግሞ ውሃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ላይ ደርሷል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከምስማር ዝገት ጋር ሲገናኝ ያን ቀለም ይሰጣል።

ሁለተኛው ምርመራ የቫርኒሹን ዓይነት ማወቅ ነው። ይህን ዘለው ብዙዎች ደህናውን ወለል ያበላሻሉ። ከበር ጀርባ ወይም ከቁም ሳጥን ሥር በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ንጹሕ አልኮል አድርጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ለስልሶ በጣት ከተጣበቀ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ) ነው። ካልተነካ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንድ ጠብታ ናይትሮ ቲነር ሞክሩ። ከቀለጠ ላከር (በናይትሮ ቲነር የሚቀጥን፣ ፈጥኖ የሚደርቅ ሽፋን) ነው፤ ከተሸበሸበ ወይም ምንም ካልሆነ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሪቴን ነው። አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶው ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ራሱ ሌላ ነጭ ምልክት ሊያወጣ ይችላል።

ጉሙ በአንድ ቦታ ሳይሆን በክፍሉ ሙሉ ወይም በግድግዳው ዳር ብቻ ከሆነ እርጥበቱ ከታች እየመጣ እንደሆነ ጠርጥሩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና 48 ሰዓት ተዉት። ሲነሳ በላስቲኩ የታችኛው ፊት ላይ ጤዛ ካለ፣ ወይም የወለሉ ቀለም ጠቁሮ ከተገኘ፣ ላዩን ማከም ከንቱ ድካም ነው። ከቤቱ ውጭ ግድግዳው ሥር የተቆለለ አፈር፣ የተደፈነ የወለል ሥር መተንፈሻ፣ ያፈሰሰ አሸንዳ ይፈለግ። አፈሩ ተቆፍሮ ከጣውላው ዝቅ ይበል፤ መተንፈሻው ይከፈትና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ከዚያ ወለሉ ቢያንስ አንድ በጋ ይድረቅ።

ላዩ ላይ ላለው

ለሳሙና ቅሪት በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ይበቃል። ጨርቁ እስኪጨርስ ተጨምቆ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይጥረግ፤ ከኋላው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይከተሉት። ቅሪቱ የሚመጣው ሳሙና በዝቶ፣ ውሃው ቆሽሾ እያለ በዚያው ስለሚወለወል ነው። ነጭ ስለሆነ በረኪና ይበጥሰዋል ብላችሁ እንዳትጨምሩ፤ በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ እሱም ሳንባ ይጎዳል።

ለሰም ጨርቅና አኳራጅ ብቻ ያስፈልጋሉ። አንድ ካሬ ሜትር ያህል በአንድ ጊዜ ሥሩ፤ ጨርቁ ቢጫ ሲሆን ቀይሩ። አሮጌ ጨርቅ ሰሙን ካነሳበት ወደ ሌላ ቦታ ከማዞር በቀር ጥቅም የለውም። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቤት ውስጥ ከሰልም ሻማም ሳይነድ ይሁን። አኳራጅ ውድ ነው ብሎ ቤንዚን የሚጠቀም አለ፤ ትነቱ ከሩቅ እሳት ይስባል፤ አይሞከርም።

ቫርኒሹ ውስጥ ለገባው

ከቀላሉ ጀምሩ። እያንዳንዱን ሞክራችሁ አንድ ቀን አይታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ምልክቱ የትናንት ወይም የትናንት በስቲያ ከሆነ ምንጣፉንና ወንበሩን አንሱና ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት መስኮት ክፈቱ፤ ዝናብ ሲመጣ ዝጉ። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ብዙው ራሱ ይለቃል። ቸኩሎ መፈግፈግ ትርፉ ቫርኒሹን ማሳሳት ነው።

ካልለቀቀ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከወለሉ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ሳታቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አሙቁ። በእጅ መዳፍ ሲነካ ሞቅ ይበል እንጂ አያቃጥል። ጉሙ ከዳር እየጠበበ ሲሄድ ካያችሁ ሥራው እየሠራ ነው፤ ቀጥሉ።

ቀጥሎ ካውያ ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ጠብታ ውሃ አይኑርበት፤ ሙቀቱ ዝቅተኛው ላይ ይሁን። ንጹሕ አቡጀዲ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ምልክቱ ላይ ይነጠፍና ካውያው 3 ወይም 4 ሰከንድ እየነካ ይነሳ። በየጊዜው ጨርቁን ገልጣችሁ እዩ። ስድስት ሰባት ጊዜ አድርጋችሁ ለውጥ ከሌለ አቁሙ። ሙቀት ሲበዛ ቫርኒሹ ይለሰልስና የጨርቁ ሽመና ታትሞበት ይቀራል፤ ወይም እንደ ቡግር ይነፋል። ናይለን የተቀላቀለበት ጨርቅ ቀልጦ ይጣበቃል። የከሰል ካውያ አይሆንም፤ ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም፤ ፍንጣሪውም አለ።

ሙቀት ያላስለቀቀውን ቅባት ይሞክረዋል። ቫዝሊን ምልክቱ ላይ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡና ከ8 እስከ 12 ሰዓት ተዉት። ቅባቱ ክፍተቶቹን እየሞላ ስለሚገባ ብርሃኑ መበተኑ ይቀንሳል። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በኋላ ቫርኒሽ ልትደግሙበት ካሰባችሁ ቅባቱን በአኳራጅ ሁለት ጊዜ ማስለቀቅ ግድ ነው፤ ቅባት በቀረበት ላይ አዲሱ ቫርኒሽ እንደ ዓሣ ዓይን እየተከፈተ ይሸሻል።

አልኮል በዋናነት ለጎማላካ ነው፤ ላከር ላይ አንዳንዴ ይሠራል፤ ፖሊዩሪቴን ላይ ግን ፋይዳ የለውም። የሚያድነው የላዩን ስስ ሽፋን ለአፍታ አለስልሶ የታሰረው እርጥበት እንዲወጣ ስለሚያደርግ ነው። ስለዚህ መጠኑ ወሳኝ ነው። ጥጥ በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ እንደ እንቁላል አድርጉት፤ አልኮሉን ጠብ ጠብ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጀርባ ሞክሩት። ቅዝቃዜው ይሰማ እንጂ እርጥበት አይቅር። ወለሉ ላይ ሲያልፍ መስተዋት ላይ እንደተነፈሱበት ያለ ሥሥ ዱካ ትቶ በሁለት ሰከንድ መጥፋት አለበት። ጨርቁ እየነካ ይለፍ እንጂ በፍጹም አይቁም፤ ከቆመ ይጣበቃል፤ ሲነሳም ቫርኒሹን ይዞ ይነሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ አልፋችሁ 10 ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት።

የመጨረሻው ማሸት ነው። የቆየው ዘዴ አመድ ነው፤ ይሠራልም። የእንጨት አመድ በቀጭን ጨርቅ ተነፍቶ ከምግብ ዘይት ጋር እንደ ጥፍጥፍ ይለወስ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ አመድ ለአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። በውሃ አይለወስ፤ አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አልካሊ ስለሚሆን ቫርኒሹን ይበላል፤ እናቶቻችን ዕቃ የሚያጥቡበትም ለዚህ ነው። በጣት ጫፍ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ አሽታችሁ ጥረጉና እዩ። በአመዱ ፋንታ ነጭ የጥርስ ሳሙና (ጄል ያልሆነው) ይሆናል። የብረት ሱፍ ካገኛችሁ ቁጥሩ 0000 ይሁን፤ ድስት የሚፈገፈግበት ሽቦ በምንም መልኩ አይደለም። የታሸው ቦታ ጉሙ ለቆ ነገር ግን አንጸባራቂነቱ ቀንሶ ይገኛል። ያን ለማስተካከል ጣውላውን ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ስስ ሰም ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ነው። ሰም የተቀባበት ላይ ግን ሰሙ በአኳራጅ ካልተነሳ በኋላ ቫርኒሽ መድገም ስለማይቻል አስቀድማችሁ ወስኑ።

ቫርኒሹ ራሱ በተቀባበት ቀን ከነጣ

ይህ ላከር ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ክረምት ላይ ሥራ የወሰደ አናጺ ሁሉ ያውቀዋል። ናይትሮ ቲነር በጣም ፈጥኖ ሲተን የቀለሙን ፊት ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥበት የተሞላ ከሆነ በቀዘቀዘው ፊት ላይ ጤዛ ይወርድና እዚያው ይታሰራል። ቀለሙን ያበላሸው ሻጭ አይደለም፤ በዝናብ ሰዓት የቀባው ነው። መፋቅም አያስፈልግም፤ ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ በቀስታ የሚተን ቲነር የተቀላቀለበት በጣም ስስ ሽፋን ብትደግሙበት የታችኛውን ያለሰልስና እርጥበቱ ይወጣል።

ቫርኒሽ መድገም

ጉሙ ለቆ ቦታው ከደበዘዘ፣ ወይም ወለሉ በጭረት ከነጣ፣ አንድ ሽፋን መድገም ከሁሉ የተሻለ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባይነካ ይመረጣል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ግድ ከሆነ ግን ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅቡ። ጠዋት በጣም ማለዳ ወለሉ የሌሊቱን እርጥበት ይዞ ነው፤ ማታ ላይ ደግሞ ሳይደርቅ ጤዛው ይደርስበታል።

አንድ ሊትር ቫርኒሽ በአንድ ሽፋን ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አራት በአራት ለሆነ ክፍል በአንድ ሽፋን አንድ ሊትር ተኩል ያዙ፤ ለሁለት ሽፋን ሦስት ሊትር። ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220 አምስት ስድስት ቅጠል፣ አኳራጅ አንድ ሊትር፣ ፀጉሩ የማይረግፍ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሩሽ ያስፈልጋል። ርካሽ ብሩሽ ገዝቶ ፀጉር ሲለቅሙ ከመዋል ያድናችሁ።

መጀመሪያ ሰምና ቅባት በአኳራጅ ይነሳ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈገፈገው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ሰሙን ጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። በ220 የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ማንጸባረቁ እስኪጠፋ ብቻ ፈግፍጉ፤ እንጨቱ ላይ አትድረሱ። አቧራውን ጠርጋችሁ በአኳራጅ ረጠብ ባለ ጨርቅ አንሱት፤ አንድ ሰዓት ይድረቅ።

የድሮው ሽፋን ምን እንደሆነ ቅድም ለይታችኋል። በዘይት ቫርኒሽ ላይ ላከር አይደረብም፤ ናይትሮው የታችኛውን እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያሸበሽበዋል። የመጀመሪያው ሽፋን 10 በመቶ አኳራጅ ተጨምሮበት ይቅጠን፤ ማለትም ለአንድ ሊትር አንድ መቶ ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ የሻይ ብርጭቆ ብዙ የማይበልጥ። ጣሳውን በእንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉ እንጂ አትናጡት፤ አረፋው ወለሉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ከመስኮቱ ወገን ጀምራችሁ ወደ በሩ እየመጣችሁ፣ ሁለት ሦስት ጣውላ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጨርሱ። መሃል ላይ ካቆማችሁ መገናኛው ይታያል።

በበጋ 24 ሰዓት፣ ዝናብ ባለበት ወቅት 48 ሰዓት ቆዩና በጥፍር ተጭናችሁ ምልክት የማይቀበል ሲሆን በ220 ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጋችሁ ሁለተኛውን ቅቡ። የታችኛው ሳይደርቅ የተደረበ ቫርኒሽ ቲነሩን ውስጡ አፍኖ በሳምንቱ ራሱ ነጭ ይሆናል፤ የተመለሰው ጉም የብዙዎች እንቆቅልሽ ምክንያቱ ይሄ ነው። በካልሲ መሄድ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ከባድ ዕቃ ማስገባት ከሳምንት በኋላ፣ ምንጣፍ ማንጠፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ቫርኒሽና ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ያለ ክብሪት ይነዳል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።

ከእንጨቱ የተለየና የጠቆረ

የተላቀቀ ቫርኒሽ ተፍቆ ይነሳል፤ ከዚያ ቁጥር 60፣ 80፣ 100፣ 120 በቅደም ተከተል ይፈገፈጋል። ቁጥር መዝለል የሻካራውን ጭረት እዚያው ይተዋል፤ ቫርኒሽ ሲያርፍበት ያጎላዋል። ዝግባ ለስላሳ ስለሆነ መፈግፈጊያ ማሽኑ አንድ ቦታ ቆሞ አይቆይ፤ ጎድጓዳ ይሠራል። ጥድ በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት የዘይት ቫርኒሽ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ መጀመሪያ አንድ ስስ ሽፋን ጎማላካ (ሰሙ የወጣለት) ቢቀባበት ዘይቱን ያግደዋል።

ለጥቁሩ ኦክሳሊክ አሲድ ይሠራል፤ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ60 እስከ 100 ግራም። ባዶው እንጨት ላይ ብቻ ይቀባል፤ ሲደርቅ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ይጠረጋል። መርዛም ስለሆነ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይቅር፤ የደረቀውን ዱቄት በብርጭቆ ወረቀት ማቡነንም ክፉ ነው። ከዚያ እንጨቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይደርቅ ቫርኒሽ አይነካውም።

ቡናው ይቀጥል

ረከቦቱ ሥር ወፈር ያለ ሰሌን ወይም የእንጨት ገበታ ይቀመጥ። ላስቲክ ምንጣፍ አይደለም፤ ሥሩ እርጥበት ያፍናል፤ ጎማነት ያለው ደግሞ ቫርኒሹን ቀለም ያስለውጠዋል። ምድጃው በአሸዋ የተሞላ ሳህን ወይም ጡብ ላይ ይሁን፤ ወለሉን የሚያሞቀው ጀበና ብቻ አይደለም፣ የምድጃው እግርም ነው። ቄጠማ ውሃው ረግፎ ይነስነስ፤ ከገበያ እንደመጣ ጠል ጠል እያለ አይደለም። እንግዳው እንደተሸኘም ያን ማታ ተጠርጎ ይውጣና ወለሉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ጀበናው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ሲመለስ ማቶቱ ላይ ይረፍ፤ ማቶቱም ከሥሩ እንዳልረጠበ በእጅ ይታይ።